ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና የምእመናን የዕለት ኑሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ጸሎትና ስለ ምጽዋት፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ንጽሕና ትምህርት በተሰጠ ጊዜ ከምእመናን ብዙዎች በልባቸው የሚመልሱት አንድ መልስ አለ። ይኸውም ይህ ሁሉ የመነኰሳትና የካህናት ድርሻ እንጂ፣ ትዳር ይዞ ልጅ እያሳደገ፣ እያረሰና እየነገደ በዓለም ለሚኖር ሰው የማይቻል ነው የሚል ነው። ይህ ምክንያት ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ ከ1,600 ዓመት በፊት በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ገበያ ይነገር ነበረ። በዚያም ዘመን ይህን ምክንያት በትምህርቱ ሲያፈርሰው፣ በኑሮውም ሲመሰክርበት የኖረ አባት በግሪክ ቋንቋ ክሪሶስቶሞስ፣ በግእዝ አፈ ወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። እኛም የዚህን አባት ሕይወት በአጭሩ የምንተርከው አንደበቱን ብቻ ለማድነቅ አይደለም፤ ወንጌል በቤትና በገበያ፣ በሹመትና በስደት እንዴት እንደሚፈጸም ከእርሱ ለመማር ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ የተወለደው በ347 ዓ.ም. ገደማ፣ ያን ጊዜ የሶርያ ታላቅ ከተማ በነበረችው፣ ዛሬ ግን በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በአንጾኪያ ነው። አባቱ ሴኩንዱስ የጦር ሹም ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ 20 ዓመት ያኽል ነበረ። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ባል ሳታገባ ልጇን ለማሳደግ ራሷን ሰጠች። የአገልጋዮች ቸልተኝነት፣ የዘመዶች ተንኰል፣ የግብር ሰብሳቢዎች ጭካኔ፣ ለልጅ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ወጣት መበለት ትከሻ ላይ ወደቀ። እርስዋ ግን ሁሉን በጸሎትና በትዕግሥት ተሸከመችው። አረማዊ የነበረ መምህሩ እንኳ የዚህችን መበለት ጽናት ሰምቶ የክርስቲያን ሴቶችን እንዳደነቀ ዮሐንስ ራሱ ጽፎልናል። እንግዲህ ዮሐንስ ክርስትና በዕለት ኑሮ ሲፈጸም መጀመሪያ ያየው በገዳም ሳይሆን በእናቱ ቤት ነው።

አንቱሳ ልጇን በዘመኑ እጅግ ስሙ ለታወቀው የንግግር መምህር ለሊባንዮስ ሰጥታ አስተማረችው። ሊባንዮስ ጣዖት አምላኪ ቢሆንም በንግግር ጥበብ ወደር ያልነበረው ሰው ነበረ። ዮሐንስ ይህን ጥበብ ከተማረ በኋላ በፍርድ አደባባይ ጠበቃ ሆኖ ወይም በቤተ መንግሥት ተሹሞ ብዙ ሀብት ሊያገኝ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ልቡ ወደ መጻሕፍት አዘነበለ። በ368 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያው ጳጳስ በሜልጥዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም አናጕንስጢስ ሆነ።

ወደ ገዳም ለመሄድ ባሰበ ጊዜ እናቱ ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት እያለቀሰች ለመነችው። ዮሐንስም ለጊዜው ታዘዛትና በቤቷ ሆኖ በጾምና በዝምታ ኖረ። ኋላም ወደ አንጾኪያ ተራሮች ወጥቶ በአንድ ሽማግሌ ባሕታዊ ሥር 4 ዓመት፣ ብቻውንም በዋሻ ውስጥ 2 ዓመት ቈየ። በዚያም እንቅልፍ ነሥቶ፣ ቆሞ እያደረ፣ መጻሕፍትን በቃሉ እስኪያጠና ድረስ ተጋደለ። የተራራው ብርድ ግን ጨጓራውንና ኵላሊቱን ጐዳው፤ በታመመ ሰውነት ወደ ከተማ ለመመለስ ግድ ሆነበት። ይህን ሰው ሊመለከተው እንደ ውድቀት ይመስል ይሆናል፤ እኛ ግን የእግዚአብሔርን ጥበብ እናይበታለን። ዮሐንስ የገዳምን ኑሮ በስማ በለው ሳይሆን በሥራ ቀምሶት ስለ ተመለሰ፣ ኋላ ለከተማ ሰዎች በተናገረ ጊዜ ከመነኵሴ የሚጠየቀው ምን እንደ ሆነ፣ ከባለ ትዳርም የሚጠየቀው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ያውቅ ነበረ።

በ381 ዓ.ም. ዲቁና ተሾመ። በዚያ ዘመን የዲያቆን ሥራ በመቅደስ ማገልገል ብቻ አልነበረም፤ መበለቶችንና ድኆችን መርዳትም ነበረበት። በ386 ዓ.ም. ደግሞ ከጳጳሱ ከፍላብያኖስ እጅ ቅስና ተቀብሎ የአንጾኪያ ሕዝብ መምህር ሆነ፤ እስከ 397 ዓ.ም. ድረስም ሳይታክት አስተማረ። የማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ብቻ 90 ድርሳናት አሉት።

ስብከቱ ምን መልክ እንደ ነበረው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ ጉባኤ ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር የሚነገረውን የዕብራውያን ድርሳኑን መመልከት ይበቃል። ይህ መጽሐፍ 34 ድርሳናት አሉት። ድርሳኑ በመጀመሪያ የሐዋርያውን ቃል ይተረጕማል፤ ከዚያም ተግሣጽ ይከተላል። ተግሣጹም የተተረጐመውን ቃል ወደ ሰሚው ቤት ይዞ ይገባል፤ ስለ ቍጣ፣ ስለ ስስት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ድኆች ይናገራል። ትርጓሜ ያለ ተግሣጽ እውቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ተግሣጽም ያለ ትርጓሜ መሠረት እንዳያጣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰጥ ነበረ። መነኵሴ አይደለሁም፣ ሚስትና ልጆች አሉኝ ለሚለው ሰው የሰጠውም መልስ በዚሁ መጽሐፍ ይገኛል። ጌታ ብፁዓን ያላቸውን ሰዎች ባስተማረ ጊዜ ለመነኰሳት ብቻ እንዳልተናገረ፣ ባለ ትዳር ከመነኵሴ የሚለየው በጋብቻው ብቻ እንደ ሆነ፣ በቀረው ሁሉ ግን አንድ ትእዛዝ እንዳለባቸው አስረዳ።

በ387 ዓ.ም. አንጾኪያን ታላቅ ፍርሃት ያዛት። አዲስ ግብር ስለ ተጣለ ሕዝቡ ታውኮ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ምስሎች ከቆሙበት አውርዶ ሰባበረ። ይህ በንጉሥ ላይ እንደ ማመፅ የሚቈጠር ነበረ፤ ወዲያውም ብዙዎች ተያዙ፤ የሞት ፍርድም የተፈረደባቸው ነበሩ። ከተማይቱ ራስዋ ትጠፋለች ተብሎ ተፈራ። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ በዕድሜው ብዛትና በክረምቱ ብርድ ሳያመካኝ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ። ዮሐንስ ከሕዝቡ ጋር ቀርቶ በዐቢይ ጾም ወራት እያጽናና አስተማረ፤ በዚህ ነገር የተናገራቸው 21 ድርሳናት ዛሬም ይነበባሉ።

በዚያ የጭንቅ ወራት ዮሐንስ ሕዝቡን ስለ ምን እንደ ገሠጸ ልብ ማለት ይገባል። ሞትን የሚጠብቅ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ መሐላ ደጋግሞ ተናገረ። በገበያና በቤት በከንቱ የመማል ልማድ እንዲቀር፣ ባል ሚስቱን፣ ጌታ አገልጋዩን፣ ጓደኛ ጓደኛውን እንዲጠብቅ፣ ጾሙ ከመፈጸሙ በፊት ይህ አንድ ልማድ ከከተማው ሁሉ እንዲነቀል አሳሰበ። ለምን ቢሉ፣ የንጉሥ ቍጣ ያልፋል፤ ክፉ ልማድ ግን ሰው ካልነቀለው አብሮት ይሞታል። ደግሞም የታወከ ሕዝብ በፍርሃት ብቻ እንዳይጠፋ በእጁ የሚፈጽመው ሥራ ሰጠው። ከፋሲካ በፊት ፍላብያኖስ ከንጉሡ ዘንድ ምሕረት ይዞ ተመለሰ፤ ከተማይቱም ዳነች። ዛሬም በየገበያችን በእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ላይ የእግዚአብሔር ስም ሲጠራ ስንሰማ፣ ያ ተግሣጽ ለእኛም እንደ ተነገረ እናስተውላለን።

መጻሕፍትን ስለ ማንበብም እንዲሁ ገሠጸ። የእጅ ጥበብ ሠራተኞች በሥራቸው ብዛት እያመካኙ ንባብን ለመነኰሳት ይተዉ ነበረ። እርሱ ግን በጦርነት መካከል ያለ ወታደር ከሌላው ይልቅ ቍስል ስለሚበዛበት መድኃኒትም አብዝቶ እንደሚያስፈልገው፣ እንዲሁም በዓለም ሁከት መካከል ያለ ሰው ከባሕታዊ ይልቅ መጻሕፍት እንደሚያስፈልጉት አስተማረ። አንጥረኛ ቢራብ እንኳ መዶሻውንና መስፉን እንደማይሸጥ፣ ምክንያቱም በእነርሱ ሠርቶ እንደሚበላ፣ ለክርስቲያንም መጻሕፍት የነፍሱ መሣሪያ እንደ ሆኑ በምሳሌ አሳየ። ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ እንዳይሮጡ፣ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ሰብስቦ የሰማውን ቃል እንዲከልስ ያዝዝ ነበር። በዚህ ዓይነት የሚኖር ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሆን ተናገረ። ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው መጽሐፍም ወላጆች ልጃቸውን የግድ ወደ በረሓ እንዲወስዱ ሳይሆን፣ ከሕፃንነቱ ጀምረው የክርስቶስ ተጋዳይ አድርገው እንዲያሳድጉ መከረ።

ከሁሉ አብዝቶ የተናገረው ግን ስለ ድኆች ነው። በዚህም ነገር እንባን ብቻ ሳይሆን ሒሳብን ያቀርብ ነበር። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በመዝገብ የጻፈቻቸውን 3,000 መበለቶችና ደናግል በየቀኑ ትመግብ ነበረ፤ በዚያ ላይ እስረኞች፣ ሕሙማንና እንግዶች ነበሩ። ዮሐንስም ከከተማው ሕዝብ ከ10 አንዱ እጅ ባለጠጋ፣ ከ10 አንዱ እጅ ምንም የሌለው ድኃ፣ የቀረው መካከለኛ እንደ ሆነ ቈጠረ። ባለጠጎችና መካከለኞች ድኆችን ቢከፋፈሏቸው ለ50 ወይም ለ100 ሰው አንድ ድኃ እንኳ እንደማይደርስ አስቦ አሳየ። ስለዚህ ረኃብ በከተማይቱ የቀረው ሀብት ጠፍቶ ሳይሆን ፈቃድ ጠፍቶ እንደ ነበረ ለሁሉ ግልጽ ሆነ።

ለቤተ መቅደስ የወርቅ ዋንጫና የሐር መጋረጃ ስለሚሰጡ ሰዎችም ሲናገር፣ ስጦታቸውን አልከለከለም፤ ነገር ግን በመቅደስ ክርስቶስን በሐር አልብሶ በደጅ በብርድ ራቁቱን መተው እንዴት ያለ ክብር እንደ ሆነ ጠየቃቸው። መሠረቱም በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የተነገረው የፍርድ ቀን ነገር ነው። የእጅ ሠራተኞችም ከድኽነት የተነሣ እንዳያመካኙ፣ በቤታቸው ጸሎት በሚያደርጉበት ስፍራ አጠገብ ትንሽ ሣጥን እንዲያኖሩ፣ ለጸሎት በቆሙ ቍጥርም አስቀድመው ለድኆች የሚሆን ገንዘብ እንዲጥሉበት መከራቸው። ይህ ምክር ገንዘብ ሰጪውን አያስጨንቅም፤ ጸሎቱን ግን ያጸናለታል።

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ኔክታርዮስ ዐረፈ። በንጉሡ በአርቃድዮስ ዘንድ ኀያል የነበረው ጃንደረባ ኤውትሮጵዮስ ዮሐንስን መረጠው፤ የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይታወክም በስውር ከከተማው አስወጥቶ አስመጣው። በየካቲት 398 ዓ.ም. የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ሾመው።

ለሌሎች ያስተማረውን በራሱ ቤት የመፈጸም ፈተና አሁን መጣ። ዮሐንስ የመንበሩን የሒሳብ መዝገብ አስመጥቶ መረመረ፤ ለጳጳሱ ማዕድና ለክብሩ ይወጣ የነበረውን ትርፍ ወጪ ከልክሎ ገንዘቡን ለሕሙማን ቤት እንዲሆን አዘዘ። ሌሎችም የሕሙማን ቤቶች አሠርቶ ካህናትን፣ ሐኪሞችንና ወጥ ሠሪዎችን መደበላቸው። በጨጓራው ሕመምና ግብዣን በመጥላቱ ብቻውን ጥቂት ምግብ ይበላ ነበር። ቀን በሥራ የሚውሉ ወንዶች ከጸሎት እንዳይቀሩ የሌሊት ጸሎት ሠራላቸው፤ ለዚህ እንኳ ከተኙበት መነሣት ያልወደዱ ካህናት አጕረመረሙበት። ምእመናንም ቤተ ክርስቲያን የእንግዶች ማረፊያ አላት እያሉ እንግዳን ከደጃቸው ሲመልሱ ባየ ጊዜ፣ የሌላው መጸለይ የእነርሱን ጸሎት እንደማያስቀር ሁሉ የሌላው እንግዳ መቀበልም የእነርሱን ግዴታ እንደማያስቀር ነገራቸው። እያንዳንዱ በቤቱ ለክርስቶስ አንዲት ክፍል፣ በውስጧም አልጋና ማዕድ መብራትም እንዲያዘጋጅ አስተማረ።

በ399 ዓ.ም. ያ ኀያል ኤውትሮጵዮስ ከሥልጣኑ ወደቀ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸሹ ሰዎች እንዳይጠበቁ ሕግ ያወጣው እርሱ ነበረ፤ አሁን ግን ራሱ ሸሽቶ ከመሠዊያው ሥር ተጣለ። ወታደሩና ሕዝቡ ሞቱን ፈለጉ። ዮሐንስ ግን አሳልፎ አልሰጠውም፤ በሕዝቡ ፊት የዓለምን ክብር ከንቱነት በዚህ ሰው ውድቀት እያሳየ፣ ስለ እርሱም ምሕረት እየለመነ ሰበከ። ጠላትን መውደድ በመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን በደጅ የቆመውን ወታደር መከልከል መሆኑን ያን ቀን ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ኤውትሮጵዮስም ከመቅደስ ከወጣ በኋላ ተይዞ ኋላ ተገደለ።

እንዲህ የሚኖር ሊቀ ጳጳስ ጠላት አያጣም። የለመዱት ግብዣ የቀረባቸው ጳጳሳት፣ የተገሠጹ ካህናት፣ ስለ ጌጣቸው የተወቀሱ ሴቶች፣ ንግሥት አውዶክስያም ተቈጡበት። ስንክሳራችንም ንግሥቲቱ የአንዲትን መበለት የአትክልት ቦታ ስለ ቀማች እንደ ገሠጻት ይነግረናል። ደግሞ ከግብጽ በረሓ ተሰደው የመጡ መነኰሳትን ስላስጠጋ ከቴዎፍሎስ ጋር ተጣላ። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ የባሉጥ ዛፍ በተባለ ስፍራ ቴዎፍሎስ ጉባኤ ሰብስቦ ፈረደበት። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ብቻውን መብላቱ እንደ ነበረ ስናነብ እንገረማለን፤ ለድኆች የተቈረሰ ማዕድ በሰው ፊት ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ። ይህን ታሪክ አንሸፍነውም፤ ቅዱሳን በጉባኤ ሊፈረድባቸው እንደሚችል፣ አባቶችም እርስ በርሳቸው ሊጋጩ እንደሚችሉ ያስተምረናልና።

መጀመሪያ ከተሰደደ በኋላ በቤተ መንግሥት በደረሰው ድንጋጤና በሕዝቡ ጩኸት ፈጥኖ ተመለሰ። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለንግሥቲቱ የብር ምስል ቆሞ በጭፈራ ጸሎቱ በታወከ ጊዜ ዝም አላለም፤ ቍጣዋም ታደሰ። በ404 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ ወታደሮች በሚጠመቁት ሰዎች ላይ ገብተው የጥምቀቱን ውኃ በደም አደፈረሱት። በሰኔ ወር ዮሐንስ ከሕዝቡ ተለይቶ ወደ አርመንያ ተራሮች ወደ ኩኩሶስ ተጋዘ፤ ጕዞውም 70 ቀን ያኽል ፈጀ።

በግዞት ያለ፣ ሕመምተኛ፣ በብርድና በወንበዴዎች የተከበበ ሰው ምን ያደርጋል? ዮሐንስ ወዳጆቹ ለእርሱ ምቾት በላኩለት ገንዘብ በወንበዴዎች የተማረኩትን ሰዎች ዋጀ፤ ድኆችን መገበ። በፊንቄ ወንጌል ለሚሰብኩት ሰዎች እየጻፈ አጽናናቸው። ከስደት የጻፋቸው ከ230 የሚበልጡ መልእክታት ደርሰውናል፤ ከእነዚህም 17ቱ ሀብቷን ለቤተ ክርስቲያንና ለድኆች ለሰጠችው ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያዳ የተጻፉ ናቸው። መጽናናት የሚገባው እርሱ ሳለ እርሱ አጽናኝ ሆነ። ሹመቱንና መንበሩን፣ የሚያስተምረውን ሕዝብ ሁሉ ቢያጣ እንኳ የክርስቲያን ሥራ አልቀረበትም።

ጠላቶቹ ይህንንም ስላልወደዱ በ407 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳር ወደምትገኝ ወደ ሩቂቱ ጲጥዮስ እንዲወሰድ አስፈረዱ። ወታደሮቹ በፀሓይና በዝናም ያለ ዕረፍት በእግሩ ነዱት፤ 3 ወር ያኽል ከተጓዘ በኋላ በጶንጦስ በኮማና አጠገብ ሰውነቱ ደከመ። በሰማዕቱ በባሲሊስኮስ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብስ ለብሶ ቅዱስ ቍርባንን ተቀበለና ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ በመስከረም 14 ቀን 407 ዓ.ም. ዐረፈ። ስለ ሁሉ ነገር ማመስገን ለምእመናን በየጊዜው ያስተማረው ትምህርት ነበረ፤ ትምህርቱንም በሞቱ አተመው።

በ438 ዓ.ም. ዐጽሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ በተመለሰ ጊዜ፣ የአውዶክስያ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በሬሳ ሣጥኑ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ወላጆቹ ስለ ሠሩት በደል ይቅርታ ለመነ። የፈረደበት ጉባኤ መሪ የመጣባት የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ስሙን ከቅዱሳን ጋር ጻፈች። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት ጋር ትቀድሳለች፤ የዐጽሙንም ፍልሰት ግንቦት 12 ቀን ታከብራለች።

ምእመናን ሆይ፤ እንግዲህ የዚህን አባት በዓል ስናከብር፣ ድርሳኑንም ስንሰማ ምን ልናደርግ ይገባናል? እርሱ ከእኛ የጠየቀው ዋሻ ሳይሆን በቤታችን አንዲት አልጋ ለእንግዳ፣ በጸሎታችን ስፍራ አንዲት ሣጥን ለድኃ፣ በማዕዳችን ዙሪያ ለልጆቻችን የሚነገር ጥቂት ቃል፣ በገበያችንም ያለ መሐላ የሚታመን ንግግር ነው። እነዚህ ለገበሬውም ለነጋዴውም፣ ለሹሙም ለአገልጋዩም የሚቻሉ ናቸው። ከቶ የማይቻሉ ሆነው ከታዩን፣ የጐደለን የገዳም ጸጥታ ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን እንመን። መነኵሴ ባለመሆናችን ማንም አይፈርድብንም፤ ክርስቲያን ተብለን ሳለን በደጃችን የቆመውን ባለማየታችን ግን እንጠየቃለን። ስለዚህ ሥራውን ነገ ሳንል ዛሬ፣ በሩቅ ሳንል በየቤታችን እንጀምር።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።